ነፋስ አሳሪው ሙክታር

ስልኩ የጮኸው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከማሽኑ እርጥብ አንሶላ ሳወጣ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ስልክ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ያስፈራኛል። አማተብኩና አነሳሁት።

«እትዬ አስካለ ነዎት? ረውዳ ነኝ። የሙክታር ልጅ፣ ከሰርቦ።»

ረውዳን የማውቃት በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። አሁን ድምፅዋ የትልቅ ሴት ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል።

«አባቴ ወደ አኼራ ሄደ። ሐሙስ ከዙህር በኋላ ቀበርነው።»

«አላህ ይዘንለት፤ አንቺንም ያጽናሽ ልጄ» አልኩ። አንሶላው ከእጄ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል።

«አሚን። እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይኸው እንግዲህ አፈር ካለበስነውም በኋላ ሰዉ ‹ነፋስ አሳሪው› ነው የሚለው። ለቅሶ ቤታችን ተቀምጦ አንዱ፣ ‹ለእንቁራሪት ብሎ እግሩን ያጣው ሰውዬ› ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እናቴ ራሷ እስክትሞት አልማረችውም፤ ‹እኔንና አንቺን በእንቁራሪት ለወጠን› ነበር የምትለው። እሱ አንድ ቀን መልስ አልሰጠም። የተያዘ ቀን እርስዎ እዚያ ነበሩ አሉኝ። እውነት ለእንቁራሪት ብሎ ነው?»

«ልጄ፣ ስልኩ አይሰማም» አልኩ።

ይሰማ ነበር። እንደ ጎረቤት ነው የሚሰማው። ዘጋሁት። ደግማ ደወለች፤ አላነሳሁም። እዚያው ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ «አቤቱ ማረኝ» ስል ቆየሁ። የምፈራው ማንን እንደሆነ ግን ለራሴም መናገር አልቻልኩም፤ የምፈራቸው ሰዎች ሁሉ ወይ ሞተዋል ወይ ሥልጣናቸው ከሄደ ዘመን አልፏል።

ስለዚህ እጽፋለሁ። ጋሽ ሙክታር ማን እንደነበሩ፣ የነፋስ መዘውሮቹንም ማን እንዳሰራቸው።

ጋሽ ሙክታር ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው ጅማ መጥተው ብረት የለመዱ ሰው ናቸው። እዚያው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ከአባቴ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በርና መስኮት ይበይዱ ነበር። አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ከቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚከፈተው። እናቴ «መሬት ለመሬት ሂጂ» ትለኝ ነበር። እኔም እንዲያው ሆንኩ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ያገኘሁት ከጅማ አጠገብ ካለችው ከሰርቦ ከፍ ብሎ፣ ኮረብታ ላይ ካለ የቡና ችግኝ ጣቢያ ነው። ችግኝ እቆጥራለሁ፤ የውኃውን ቧንቧ እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ። አንገት ደፍቶ ለመኖር የተመቸ ሥራ።

ጣቢያው ውኃ የሚስበው ከኮረብታው ሥር ካለው ውኃ አዘል ጨፌ በናፍጣ ሞተር ነበር። ናፍጣ ሲጠፋ ችግኙ ይደርቅ ጀመር። ያኔ መንግሥት ውኃ የሚስቡ አራት የነፋስ መዘውሮች ላከልን። በሣጥን ተበታትነው መጡ፤ ግማሹ ዕቃ የለም። የሚገጥም ሰው ሲፈለግ ጋሽ ሙክታር ከጅማ ተጠሩ፤ እዚያው ሰርቦም ቀሩ። የጎደለውን ጭራ ከበርሜል ቆርቆሮ ቆርጠው ሠሩት። አራቱም ቆሙ፤ ነፋስ መጣ፤ ውኃው ሽቅብ ወጣ። ሠራተኛው እልል አለ። እሳቸው ግን እልልታውን አልሰሙትም፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ወደ ላይ ያዳምጡ ነበር።

«ሦስተኛዋ ቅባት አምሯታል» አሉ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ። ሰው እያናገራቸው ጆሯቸው ከመዘውሮቹ ጋር ነው። መዘውሮቹን «ሚስቶቼ» ይሏቸዋል። «አራት ነው የተፈቀደልኝ፤ ጓዶች አምስተኛ እንዳትልኩብኝ!» አንድ ቀን ባለቤታቸው ዘይነባ ረውዳን አዝላ ምሳ ስታመጣ ይህን ሰማች።

«እና እኔ አምስተኛዋ ነኛ!» አለች፤ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ።

«አንቺማ ነፋሱ ነሽ» አሉ ጋሽ ሙክታር። «ካልነፈስሽ የትኛዋ ትዞራለች?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ዘመን ሳቅ ያመልጠኝ የነበረው እሳቸው ባሉበት ብቻ ነው።

አሁን ስለ ገመዱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። እያንዳንዱ መዘውር ከኋላው ጭራ አለው። ጭራው ሲዘረጋ ፊቱን ወደ ነፋስ ይሰጣል፤ ይዞራል። ከሥር ያለውን ገመድ ስበው ሲያስሩት ጭራው ይታጠፋል፤ መዘውሩ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ይቆማል። ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ እንዳይሰበር እንዲህ ይታሰራል። የሚያስሩት ጋሽ ሙክታር ናቸው፤ እሳቸው በሌሉ ጊዜ እኔ።

ከጨፌው ማዶ አባ ጊዲ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከብታቸው የሚግጠው እዚያ ነው። በሁለተኛው በጋ አንድ ቀን ከዘራቸውን እየወጉ ወደ ላይ መጡ።

«ሙክታር፣ ጎማህ ጨፌዬን ጠጣው። እንቁራሪቱ ዝም አለ» አሉ።

«ዝም ካለ ምን ከፋ አባ ጊዲ? እንቅልፍ ያገኛሉ።»

«ትቀልዳለህ! እንቁራሪት ከሌለ ሽመላ አይወርድም። ሽመላ ካልወረደ ተምቹን ከማሳዬ ማን ይለቅምልኛል? አንተ ነህ በመርፌ የምትለቅመው? ሜ፣ እስቲ ና፣ ራስህ እይ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌውን ሸኝቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ጋሽ ሙክታር አብረዋቸው ወረዱ። ጨፌው መካከል እንጨት ተከሉ፤ እንጨቱ ላይ በቢላ ምልክት አደረጉ። በሳምንቱ ሄደው ሲያዩት ውኃው ከምልክቱ ሁለት ጣት ወርዷል። ተመልሰው መጡና የውኃ ታንከሩ ላይ ተቀመጡ።

«አስካለ» አሉኝ በኋላ፣ «ከጠጪና ከአጠጪ ማን ቀድሞ መጠጣት አለበት?»

«እኔ እንጃ ጋሼ።»

«አጠጪው ከሞተ ጠጪው በማግስቱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ከቀትር ጀምሮ እስከ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን መዘውሮች ያስሩ ጀመር፤ ጨፌው እንዲያገግም። እውነትም እንቁራሪቱ ተመለሰ። ሽመላዎቹም ወረዱ። ችግኙ አንድ ቀን አልተጠማም። ነገሩ ግን ለጣቢያው ኃላፊ ተነገረ። ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበን።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ እያንዳንዳችንን በዓይኑ እየቆጠረ፣ «ያለ እኔ ፈቃድ መዘውር ያሰረ፣ አብዮቱን እንዳሰረ ይቆጠራል።»

ጋሽ ሙክታር ፈቃድ ጠየቁ። ተከለከሉ። ማሰሩን ተዉት።

እንግዲህ የእኔ ነገር።

አባቴ አገር፣ በታላላቅ በዓል ወፍጮ የፈጨ፣ እርሻ የወጣ፣ በረዶ ያስወርዳል ይባላል። አንዱ ሠርቶ የሁሉ ማሳ ይመታል። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። አንድ ዓመት በየካቲት ኪዳነ ምሕረት መዘውሮቹ ሲዞሩ ዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን በረዶ ወርዶ ሁለት መደብ ችግኝ ተቀጠቀጠ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ልቤ ግን አውቄዋለሁ አለ። ዓመቱ ዞሮ ኪዳነ ምሕረት ስትደርስ እንቅልፍ አጣሁ። ኃላፊውን እፈራለሁ፤ በረዶውን ደግሞ ከእሱ አብልጬ እፈራለሁ። እንዲህ ብዬ መከርኩ፦ ዋዜማውን ታንከሮቹን ሁሉ እስከ አፋቸው እሞላለሁ። ማለዳ መዘውሮቹን አስራለሁ። ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ እፈታለሁ። ማን ያውቃል?

አሰርኳቸው። አራቱንም። በግ እንደሚታሰር አድርጌ ቋጠርኳቸውና ነጠላዬን አጣፍቼ ሰርቦ ወረድኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ነፋሱ አቧራ እያስነሣ ነበር። እየሮጥኩ ዳገቱን ወጣሁ። ከላይ ስደርስ ሁለት ላንድሮቨሮች ቆመዋል። ከክፍለ ሀገር ጎብኚዎች ከአጃቢ ወታደሮች ጋር መጥተዋል፤ ሳይነግሩ። ሠራተኛው በአንድ መስመር ተሰልፏል። ከመስመሩ ጫፍ ገብቼ ቆምኩ። ነጭ ነጠላ የለበስኩ እኔ ብቻ ነኝ።

«ነፋሱ ባርኔጣዬን እየነጠቀኝ አራቱም ቆመዋል!» ኃላፊው ይጮኻል፤ በጎብኚዎቹ ፊት ስለተዋረደ ፊቱ ጠቁሯል። «ማነው ያሰረው? አሁን የተናገረ ይሻለዋል። ካልተናገራችሁ ሁላችሁም ትጫናላችሁ!»

ሰልፉ መሬት መሬት ያያል። ወንድሜን ሲወስዱት እናቴ የያዘችው የሸሚዙ እጅጌ ዓይኔ ላይ መጣ። የአንዱ ልጃቸው ስም ያለበት መዝገብ ላይ የእኔም ሲጨመር፣ ሽማግሌ አባቴና እናቴ ምን ይሆናሉ? «ተናገሪ» ይለኛል አንዱ። «ዝም በይ» ይለኛል ሌላው። ሁለቱም የእግዚአብሔር ድምፅ ይመስሉ ነበር።

በዚህ መሐል ጋሽ ሙክታር ከሰርቦ ገበያ የገዙትን የቅባት ቆርቆሮ ይዘው ደረሱ። ቀና ብለው የቆሙትን መዘውሮች አዩ። ወደ እኔ አልዞሩም፤ አንድ ጊዜም አልዞሩም። ወደ መጀመሪያዋ መዘውር ሄደው ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱ። የእሳቸው ቋጠሮ አንድ ጫፍ ሲስቡት የሚፈታ ነው፤ ይህ ግን ማንም የሰርቦ ሰው የማይቋጥረው የእኔ የበግ ቋጠሮ ነው። በዚያች ቅጽበት እንዳወቁት አወቅሁ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አሉ፤ መፍታትም ጀመሩ።

«ለምን?»

«ለጨፌው። ውኃው ወርዶበታል።»

«ለእንቁራሪት ማለት ነው!» ኃላፊው ወደ ጎብኚዎቹ ዞረ፤ ሁለቱ ሳቁ። «ለእንቁራሪት ብለህ የአብዮቱን ቡና ታስጠማለህ?»

«ታንከሮቹ ሙሉ ናቸው ጓድ። ይዩዋቸው።» ሁለተኛውን ፈቱ፤ ወደ ሦስተኛው ሄዱ።

አጥሩ ጥግ ከብት ለማየት የመጡ የሚመስሉ አባ ጊዲ ቆመው ነበር። ቀኑ ረቡዕ አይደለም፤ ያ ክረምት ስለረዘመ የጨፌውም ውኃ ገና አልወረደም፤ ይህን እሳቸው ያውቃሉ። አፋቸውን ከፈቱ።

«አባ ጊዲ!» አሉ ጋሽ ሙክታር ከሩቅ። «ከብትዎ ችግኝ ውስጥ ገባ፤ ሮጥ ይበሉ!»

ችግኝ ውስጥ የገባ ከብት አልነበረም። ሽማግሌው ጥቂት ተመለከቷቸው፤ ከዚያ ቀስ ብለው ሄዱ።

አራተኛው ቋጠሮ እምቢ አለ። ፈርቼ እየደጋገምኩ አጥብቄው ነበር። ጋሽ ሙክታር ተንበርክከው በጥርሳቸው ፈቱት። መዘውሩ ሲጢጥ አለ፤ ዞረ፤ ውኃው ቧንቧው ውስጥ ተንደቀደቀ። የኋሊት አስረው ሲወስዷቸው በእኔ በኩል አለፉ። ወደ ፊት እያዩ በኦሮምኛ «ሂን ሶዳቲን» አሉ። አትፍሪ ማለታቸው ነው። ወታደሩ ለእሱ የተባለ መስሎት ገፈተራቸው።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ይህንን ነው የሠራሁት። አንገቴን ደፋሁ።

የሚቀጥለው የካቲት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተፈቱ። እስከዚያ ዘይነባ ስንቅ ይዛ ጅማ ወህኒ ቤት ትመላለስ ነበር። እኔ ስኳርና ዳቦ እየገዛሁ እሰጣታለሁ፤ በሩ ድረስ ግን አንድ ቀን አብሬያት አልሄድኩም። ፊቴ ተቀምጣ እንቁራሪትን ስትረግም፣ ባሏን ስትረግም፣ «እውነትሽን ነው» የሚመስል ራስ እየነቀነቅሁ ሰማኋት። ዝምታዬ አንድ ኃጢአት ነው። ያ ራስ ንቅነቃ ግን ሌላ ነው፤ ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ለብቻው ነው የተናገርኩት።

ሲመለሱ ቀኝ እግራቸው መሬት አይረግጥም። ጣቢያው ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ከእሳቸው በቀር መዘውሮቹን የሚያውቅ አልተገኘምና። የመጀመሪያ ቀን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«አስካለ» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«የበግ ቋጠሮ ለበግ ነው። ገመድ አምጪ።»

የወንበር እግር ላይ እያሳዩ ቋጠሯቸውን አስተማሩኝ። አንድ ጫፍ ስትስቢው ይፈታል። ወደ መዘውሮቹ ማማ መውጣት ስለማይችሉ ከዚያ ወዲህ የምወጣው እኔ ሆንኩ። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ የቅባት ቆርቆሮ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ «በስመ አብ» እያልኩ። ማማው ይወዛወዛል። ከታች በምርኩዛቸው ቆመው «ሂን ሶዳቲን! ብረቱ ከኔ ይጠነክራል!» ይሉኛል። ስወርድ ደግሞ «ሚስቶቼን ቅባት ቀብታ የምትወርድ ጣውንት ከየት ይገኛል!» ብለው ያስቁኛል።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «ጋሽ ሙክታር፣ ለዘይነባ ልንገራት» አልኳቸው።

ሲቆጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ዘይነባ ስትናደድ የምትናገረው ገበያ መሐል ነው። የምትጮኸው ደግሞ ስምሽን ነው። እናትሽ ስንት ልጅ እንዲወሰድባት ትፈልጊያለሽ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እነዚህ ሰዎች እስካሉ፣ ወላሂ፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ሲሄዱ የፈለግሽውን አድርጊ።»

እነዚያ ሰዎች ሄዱ። እኔ ያኔ አግብቼ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሰርቦ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል ልጄ ወደዚህ አገር ወሰደችኝ። ዘይነባ ባሏን ሳትምር ሞተች።

የምኖረው በሰሜን አውሮፓ፣ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከኮረብታው ላይ ስድስት ነጫጭ የነፋስ ማማዎች ቆመዋል፤ የከተማዋን መብራት ያመነጫሉ። አምና የከተማው ሰው ማማዎቹ ስለሚመቷቸው ንስሮች ሊነጋገር አዳራሽ ተሰብስቦ ነበር፤ ልጄ ይዛኝ ሄደች። አንዱ ባለሙያ ተነሥቶ «ንስር ሲቀርብ መዘውሩ ይቆማል፤ ወፉ ሲያልፍ ይለቀቃል» አለ። ሰው አጨበጨበለት። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አሁን አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ማነው ያቆመው?» የሚል መስሎኝ በሩን አያለሁ። ሰውየው ንግግሩን ጨርሶ ብስኩት አንሥቶ በላ። ማንም አልወሰደውም።

ንስሐ አባቴ «ለእግዚአብሔር ነግረሻል፤ የቀረው የሰው ነው» ብለውኛል። ከዚያ ስልክ በኋላ ለረውዳ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ። «አቤት» ስትል ስልኩን እዘጋለሁ። ደግሞም ብነግራት፣ ስንት ዘመን ቆይታ ከሩቅ አገር አንዲት አሮጊት ልታጽናናኝ የፈጠረችው ነው ብትል ምን እመልሳለሁ? ቃሌ ብቻውን አይበቃትም።

ስለዚህ እናንተን እለምናለሁ። በዚያ ኪዳነ ምሕረት ኮረብታው ላይ ተሰልፋችሁ የነበራችሁ፣ ችግኝ ስታጠጡ የነበራችሁ ሴቶች፣ ዘበኛው፣ የአባ ጊዲ ልጆችም አባታችሁ ነግረዋችሁ እንደሆነ። ከመስመሩ ጫፍ ነጠላ ለብሼ ስቆም ያያችሁኝ አላችሁ። ጠርጥራችሁም ለእኔ ብላችሁ ዝም ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ አሁን ግን ይብቃችሁ። ይህ ጽሑፍ ሳይቀድማችሁ ሰርቦ፣ ረውዳ ቤት ሂዱ። አባትሽ አላሰረም በሏት። ጨፌውን ይወድ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን የታሰረው ለጨፌው አይደለም በሏት። ማነው ታዲያ ካለች አትሸፋፍኑልኝ፤ አስካለ ናት፣ የጸሐፊው ልጅ፣ በሏት። ካለቀሰች አብራችኋት ተቀመጡ። ከተቆጣችም አታብርዷት።